የዓሣ ሚዛን

ከታሊን ድረስ መጣህ፣ በጀልባ ተሻግረህ፣
ቦርሳህን ከነፋሱ በደረትህ ከልለህ።
ሂዩማ ደሴት ላይ በዚህ በብርድ ወር
እንግዳ አይመጣም፣ ቀብር ካልሆነ በቀር።
ግባ። በሩን ዝጋ። ጭሱን ቻለው ጥቂት፤
ዓሣ እያጨስሁ ነው የማድረው፣ ክረምት ከበጋ፣ በዚህች ቤት።

ወረቀት ዘረጋህ፤ ጥያቄው አንድ ነው፦
«ባሕር ማዶ የዘመትንበት ጦርነት
በወታደር ነፍስ የከፈልነው ዋጋ ይገባው ነበር?»
ከጎኑ ሦስት ሣጥን፦ አዎ። አይደለም። አላውቅም።
እኔ ደግሞ ዓሣ ሻጭ ነኝ፤ ሚዛን ሳላነሣ ዋጋ አልናገርም።

ተቀመጥ። ያቺን አገር ሁለት ጊዜ ነው ያወቅኋት፤
አንዴ በራሴ ዓይን፣ አንዴ በልጄ ሞት።

ሃያ ዓመቴ ነበር፤ በሞስኮ ትእዛዝ
የነዳጅ ቦቴ ይዤ በሳላንግ ዋሻ ስጓዝ።
«ወዳጅ ሕዝብ ልትረዱ» ነበር ያሉን ያኔ፤
የረዳሁት ሰው ግን ትዝ አይለኝም እኔ።
ትዝ የሚለኝ ቬሎ ነው፣ ከኋላዬ የሚነዳ፣
በስፖኪዮ ያየሁት ሲቃጠል በሜዳ።
በዚንክ ሣጥን መጣ፣ ታሽጎ፣ በሌሊት፤
እናቱ እንዳትከፍተው ዘብ ቆሞበት።
ክብደቱን ሞከረችና «ድንጋይ ነው» አለች፤
እስክትሞት ድረስ በሩን ሳትቆልፍ ተኛች።

ራውኖ ተወለደ። ባንዲራው ተቀየረ።
ጥርሰ ፍንጭት፣ እንደ እናቱ እንደ ሄልቬ የሚስቅ፤
ባሕር የማይፈራ፣ እኔን ግን የሚጠይቅ።
«አባ፣ እዚያ ምን ነበር?» ሲለኝ «አቧራ» እለዋለሁ፤
ዋጋ ከጠየቅኸኝ፣ ለዚያች ቃል እስከ ዛሬ እከፍላለሁ።

ሃያ ሁለት ሲሞላው ተነሣ ወደ ሄልማንድ፤
ሻንጣውን እዚህ ደፍ ላይ አኖረና፣ ልሂድ፣ ልሂድ።
«ያንተ ወረራ ነበር አባ፤ የኛ ግን ሌላ ነው፤
ትንሽ አገር ወዳጅ የሚያገኝ ለወዳጅ ሲደርስ ነው።
ነገ በኛ ቢመጡብን ማን ይደርስልናል?»
አልተሳሳተም። ድንበሩ ዛሬም እንቅልፍ ይነሳል።
ያንን ጻፍልኝ። ልጄ ሞኝ አልነበረም፤
እንደ እኔ ተነድቶ፣ ተገዶ አልሄደም።

መንገድ ዳር የተቀበረ ፈንጂ፣ ማክሰኞ ረፋድ።
እሱ የመጣው በቀን ነው፤ በባንዲራ፣ በማርሽ ባንድ።
ሚኒስትሩ ጨበጠኝ፤ እጁ ሞቃት ነበር።
ጉድጓዱን ግን ለካሁት፤ ከቬሎ አይበልጥም፣ በስንዝር።

ና እስቲ ወደዚህ። ይቺ የዓሣ ሚዛኔ ናት፤
ከመቶ ግራም በታች ምንም አይሰማት።
የኔን ሜዳሊያ ጣልሁባት፣ ባለቀዩን ኮከብ፤ ዝም።
የራውኖን ደረብሁበት፤ መርፌዋ አልተነቃነቀችም።
ሄልቬ ቦት ጫማውን አመጣች፣ ጭቃው ያልተራገፈ፤
እጇን ያዝሁት። «ይኼ አይመዘንም» አልሁ፤ ቀኑ እንዲያው አለፈ።

ቆይ፣ ብዕርህን አትክደን፤ አንድ ነገር ቀርቶኛል።
ባለፈው መስከረም ዘልማይ የሚሉት ሰው መጥቷል፤
አስተርጓሚያቸው ነበር፣ ታርቱ ነው አሁን የሚኖረው።
ልጁን ፓልዋሻን ይዟል፤ ነርስነት ነው የምትማረው።
«ከልጅዎ ጦር ሰፈር ጀርባ አራት ዓመት ተምሬአለሁ» አለች፤
«ሠላሳ ሴት ልጆች ነበርን»፤ ከዚያ ላይ ቆመች።
«የቀሩትስ?» አልኋት። ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነው።
«ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ስልካቸው አይነሣም፤ የሚያነሣው የለም ሰው።»

ሠላሳ ለራውኖ? ወይስ ሃያ ዘጠኝ ሲቀነስ?
ይኼን ሒሳብ የሚችል ካለ፣ ወረቀትህ እሱ ጋ ይድረስ።
ፊቴ የቆመችው አንዷ ግን ቁጥር አልነበረችም፤
በብርድ የቀላ አፍንጫ ነበራት። እሷንም አልክዳትም።

ልትሄድ ስትል ሁለት ዓሣ ጠቀለልሁላት በጋዜጣ።
«ስንት ነው?» አለች፣ ቦርሳዋን ከፍታ ሳንቲም ልታወጣ።
ሠላሳ ዓመት ሸጫለሁ። ያን ቀን ጠፋኝ ዋጋው፤
እጄን ዘርግቼ ቀረሁ፣ እስኪቀዘቅዝ ዓሣው።

ጀልባው ጮኋል፤ ተነሣ፣ እንዳያመልጥህ።
ሣጥኖቹን ባዶ ትቻቸዋለሁ። ዓሣ ውሰድ ለቤትህ።